ጣራ የሌላት መኪና

«እጅሽ የቀጥቃጭ፣ አፍሽ የነገረ ፈጅ፤ እንግዲህ አንቺን ማን አባቱ ያገባሻል?» አለችኝ አክስቴ፣ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ ተክላ ፊት ለፊቴ ቆማ።

«ማንም» አልኳትና መዶሻዬን መልሼ አነሣሁ።

ክረምት ነበር። ፈረሱ የሚያድርበት ጋጣ ደጃፍ ላይ፣ ዝናቡ በማያገኘኝ በኩል ተቀምጬ የላምባ ቆርቆሮ እቀጠቅጣለሁ። አክስቴ የአባቴ እኅት ናት፤ እናቴ ካረፈች ጀምሮ ቤታችንን የያዘችው እሷ ነበረች። ክፉ ሴት አይደለችም። ብቻ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላት ልጃገረድ በአባቷ ቤት ስትቆይ እንደ ከረመ ጠላ ትሆመጥጣለች ብላ ታምናለች። በዚያ ላይ ብረት መምታት በእኛ አገር የገበሬ ልጅ ሥራ አይደለም። ቀጥቃጩ ከከተማው ዳር ለብቻው ይኖራል፤ ማረሻውን ሁሉም ይፈልገዋል፣ ዓይኑን ሁሉም ይፈራዋል። የእሱን መዶሻ ተውሼ ማምጣቴን የሰማች ዕለት አክስቴ ከእኔ ጋር ከአንድ መሶብ አልበላም አለች። ሦስት ቀን ለብቻዋ በላች። በአራተኛው ቀን አብሯት የሚያማ ሰው አጥታ ተመለሰች።

የምሠራው መኪና ነበር።

የጭነት መኪና አይደለም። በቆሰበር መንገድ ሲያልፍ የምናየው ሁሉ የጭነት መኪናና አውቶቡስ ነው፤ እሱን ማንም ሕፃን ከጭቃ ይሠራዋል። የእኔዋ የስፖርት መኪና የሚሏት ናት፤ ለሁለት ሰው ብቻ የተሠራች፣ አፍንጫዋ ረጅም፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ጥቂት የቀረው፣ ጣራ የሌላት። ደብረ ማርቆስ ሁለተኛ ደረጃ ስማር የሒሳብ አስተማሪያችን ሕንዳዊ ነበር። አንድ ቀን ትልቁን ነገር እንዴት አሳንሰን እንደምንሠራ ሊያስተምረን ከመጽሔት የተቀደደ ሥዕሏን ይዞ መጣ። «የእውነተኛዋ አሥር ጣት ከሆነ የእናንተ አንድ ጣት ይሁን» አለን። ሌሎቹ በወረቀት ሥለው ተገላገሉ። እኔ ሥዕሏን ለምኜ ወሰድኳት፤ ርዝመቷን፣ ወርዷንና የጎማዋን ቁመት በጀርባው ጻፈልኝ።

ሥራው የተጀመረው ግን በፍቅር አይደለም፤ በሙግት ነው።

ሰኔ ላይ ወደ ቤት ስመለስ አንድ ደብዳቤ ይዤ ነበር። ባሕር ዳር አዲስ የተከፈተው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተቀብሎኛል። ለአባቴ አነበብኩላቸው። ፈረሳቸውን እያሹ ነበር፤ ማሸታቸውን አላቆሙም።

«ምን ልትሆኚ?»

«መካኒክ።»

«ሴት?»

«ስሜ ተጽፎበታል፤ ሴት መሆኔን ያውቃሉ።»

«ከጥሊሊ የመጡት ሽማግሌዎች ለመስቀል መልስ ይጠብቃሉ። ይህንንም እወቂ።»

«የእነሱ መልስ ቀላል ነው። አይሆንም ይበሏቸው።»

«አንቺ ስለ መኪና ምኑን ታውቂያለሽ? ተሳፍረሽ ደብረ ማርቆስ ሄድሽ፤ እሱንም እያስታወከሽ ነው የደረስሽው።»

ይህ እውነት ነበር፤ ስለዚህም አናደደኝ። «ሠርቼ ላሳይዎት እችላለሁ» አልኩ።

«መኪና?»

«መኪና። ትንሽ፣ ግን ሁሉ ነገሯ የተሟላ።»

«አትችይም።»

«እችላለሁ!»

«እንግዲያው ተወራረጂኝ!» አሉ። ያን ጊዜ ነው ማሸታቸውን ያቆሙት።

አባቴን የማያውቅ ሰው ይህን ቀልድ ይለው ይሆናል። አባቴ ለአንድ ክንድ ድንበር ሦስት ዓመት ሙሉ ዳንግላ ፍርድ ቤት በፈረስ የተመላለሱ ሰው ናቸው። ባላጋራቸው የድንበሩን ድንጋይ ነቅሎ ሌላ ድንጋይ ተክሎ ለዳኛ አሳየና ረታቸው። መሬቱን ረስተውታል፤ ድንጋዩን ግን እስከ ዛሬ በየማዕዱ ያነሡታል። ያም ሆኖ ሙግት ሲሸታቸው ፊታቸው ይበራል፤ ጋቢያቸውን ከወገባቸው ያደገድጋሉ፣ አነጋገራቸው ሁሉ ይለወጣል። ያን ዕለትም በገዛ ልጃቸው ፊት እንዲያው ቆሙ።

ውሉ እንዲህ ነበር። እስከ እንቁጣጣሽ ሠርቼ፣ ሁለታችንም የተስማማንበት ዳኛ «ይህ መኪና ነው» ካለ ባሕር ዳር እሄዳለሁ። «አይደለም» ካለ የጥሊሊዎቹ መልስ እሺ ነው፤ እኔም በነገሩ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም። ዋስ ተጠራ። የአባቴ ዋስ አክስቴ ሆነች፤ አባቴ ቢሸነፉ ቃላቸውን ልታስፈጽም ማለች። መማሉ አልከበዳትም፣ ይሸነፋሉ ብላ አላሰበችማ። የእኔ ዋስ የእናቴ ታናሽ ወንድም ሆነ። አጎቴ ቀርከሃ ሠራተኛ ነው፤ ከአልጋ እስከ ንብ ቀፎ በቀርከሃ የማይሠራው ነገር የለም። «ብትሸነፍና እንቢ ብትል አንድ ጉንዶ ማር ከእኔ» አለ። ያለው ማር ያው አንድ ጉንዶ ነበር።

ቀጥሎ ዳኛ መምረጥ ነው። በቆሰበር መኪናን ከውስጡ የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የቆሰበር ሰው አይደለም። በየሁለት ሳምንቱ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ጭነት ይዞ የሚያልፍ ሾፌር ነው፤ ሻይ ቤቱ ደጅ ላይ ያቆምና ሻዩን በዳቦ ይጠጣል። አባቴ ሄደው ዳኝነቱን ጠየቁት፤ እየሳቀ እሺ አለ።

እንግዲህ ሥራ ጀመርኩ። መጀመሪያ ቅርጿን ከባሕር ዛፍ ግንድ ጠረብኩ፤ ከዚያ ቆርቆሮውን በላዩ አልብሶ ቀስ እያሉ መምታት ነው። ቀጥቃጩ መዶሻውን ሲያውሰኝ «ከመሃል ጀምረሽ ወደ ዳር ሂጂ፤ ከዳር ከጀመርሽ መሃሉ እንደ ቂጣ ያብጣል» ብሎኝ ነበር። ሰው ሲመክረኝ አልወድም። ከዳር ጀመርኩ። ሁለት ቆርቆሮ እንደ ቂጣ ካበጠብኝ በኋላ ከመሃል ጀመርኩ።

ጎማዋ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የእነዚያ መኪኖች ጎማ እንደ ብስክሌት በቀጫጭን ሽቦ የተወጠረ ነው። በዚያ መጠን ቀጭን ሽቦ ቆሰበር የለም፤ ዳንግላ ለሚሄድ ሰው አስጠየቅሁ፣ እዚያም የለም። ያለው የአባቴ አምባላይ ፈረስ ጭራ ነው። ነጭ የፈረስ ጭራ በሰም ሲታሽ ብር ይመስላል፤ ሲወጥሩትም አይላላም። አጎቴ ቀርከሃ ሰንጥቆና አጉብጦ አራት ቀለበት አወጣልኝ። እኔ በጋለ መርፌ ቀዳድጄ ለአንዱ ጎማ አርባ ስምንት ፀጉር ወጠርኩ፤ የተበጠሰው ሳይቆጠር። በላዩ ከአጎቴ ካለቀ በረባሶ የቆረጥኩትን ጎማ አለበስኩት።

አንድ ጠዋት አባቴ ፈረሱን ውኃ ሊያጠጡ ሲያወጡት ቆም ብለው ኋላውን አዩት።

«ይህን ፈረስ ምን በላብኝ?»

«ሙግቱ» አልኩ።

«የባላጋራን ፈረስ መንጨት በውሉ ውስጥ ነበረ?»

«አይነጭም የሚልም አልነበረበትም።»

ጥቂት አሰቡ። «እውነት ነው፤ አልነበረበትም» አሉና ሄዱ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን ፈረሱ ጎረቤት ማደር ጀመረ።

የፊት መብራቷ የባሕር ዛፍ ፍሬ ነው፤ ውስጡን ፈልፍዬ የሲጋራ ብርማ ወረቀት አለበስኩት። የኋላ መብራቷ ሁለት ቀይ ዶቃ ነው፤ ከማን አንገት እንደ መጣ አክስቴ ስትጠይቅ እኔ መዶሻ እያሰማሁ ነበር። ፍጥነትና ቤንዚን የሚያሳዩት ሦስት ሰዓቶች የሸሚዝ ቁልፎች ናቸው፤ ቆጣሪያቸውን በቀለም ሣልኩባቸው። መቀመጫዎቹ ካረጀ ኮርቻ የተቆረጠ ቆዳ ነው። የሞተሩ ክዳን በጠፍር ይታሰራል፤ ሥዕሉ ላይም እንዲሁ ነው፣ እንደ በቅሎ ጭነት። በሮቿ ይከፈታሉ። የፊት መስተዋቷን ከፋኖስ ብርጭቆ ነው ያወጣሁት፦ ክር በላምባ ነክሮ ብርጭቆውን መጠምጠም፣ ክሩን ማቀጣጠል፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መድፈቅ። በክሩ ልክ ይቆረጣል። ወይም ከነጭራሹ ይፈረካከሳል። ሁለት ጊዜ ተፈረካክሶ በሦስተኛው አንድ ጎበጥ ያለ ስስ መስተዋት ወጣልኝ፤ ደስ ብሎኝ ጮኽኩ። ቀይ ቀለሙ ባለሱቁ በሩን ከቀባበት የተረፈ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ መሪዋ ነበር። መሪው ሲዞር የፊት ጎማዎቹ አብረው እንዲዞሩ ፈለግሁ፤ ሥዕሉ ግን ሥሯን አያሳይም። ስለዚህ ነሐሴ መግቢያ ላይ ሾፌሩ ሻዩን ሲጠጣ ጭቃው ላይ ጆንያ አንጥፌ መኪናው ሥር ገባሁ። በጀርባዬ ተኝቼ፣ ዘይት እየተንጠባጠበብኝ፣ ከመሪው የሚወርደው ዘንግ የቱን ክንድ እንደሚገፋ፣ ያም ክንድ ሁለቱን ጎማ የሚያያይዘውን ዘንግ እንዴት እንደሚስብ በጣቴ እየተከተልኩ አየሁ። ቤት ገብቼ ከተሰበረ ጃንጥላ ያንኑ ሠራሁ። የጃንጥላ ሽቦ መገጣጠሚያ እንዳለው ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እስከዚያን ቀን አላየሁትም።

መኪናዋን ሊያይ የመጣ ሰው ሁሉ ግን ጃንጥላውንም ፀጉሩንም አያይም። «ጣራውስ?» ይላል። አልፈርድባቸውም። እኛ ከግንቦት እስከ መስከረም የፀሐይን መልክ የምንረሳ ሰዎች ነን፤ ጣራ የሌለው ነገር ለእኛ ያላለቀ ነገር ነው። ከሁሉ የባሰብኝ አጎቴ ነበር።

«ጣራዋን መቼ ነው የምትሠሪው?»

«ጣራ የላትም።»

«አሁንማ የላትም። መቼ ይኖራታል?»

«ጋሼ፣ ሥዕሉን እየው እንጂ! ጣራ የላትም!»

ወረቀቱን አቅርቦም አርቆም አየው። «ይህማ ሠርተው ሳይጨርሱ ያነሡት ነው» አለ።

ሾፌሩ የመጣው ጳጉሜ ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት ነው። ያን ቀን ዝናቡ ጠበል ነው፤ ትንሽ ትልቁ ደጅ ወጥቶ ይጠመቅበታል። ሰማዩም አላሳፈረም፣ ከጠዋት ጀምሮ ያወርደዋል። የመኪናውን ጡሩምባ ስንሰማ አባቴ ዘንጋቸውን አንሥተው ወጡ። እኔ የተሻለ ቀሚስ ልለብስ ቤት ገባሁ፤ መኪናዋ ጋጣው ውስጥ ከአጎቴ ጋር ነበረች።

ስመለስ ጣራ ነበራት።

የቀርከሃ ጣራ፣ ክብ፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ አሠራሩ የሚያምር፣ ዙሪያውን በቀጭን ቀርከሃ ልጥ የታሰረ። ለካ ከዋዜማው ጀምሮ ቤቱ ተደብቆ ሲሠራው ኖሯል። አጎቴ አጠገቧ ቆሞ እንደ ሙሽራ ሚዜ ይስቃል።

«ጋሼ! ምን አደረግህ?»

«በዚህ ዝናብ እስከ ሻይ ቤቱ ልትሸከሚያት አይደል? ውኃ ይሞላባትና ዳኛው ‹ገንዳ ነው› ይላል። እኔኮ ዋስሽ ነኝ! አሁን አንዲት ጠብ አትገባም።»

ላወልቀው ሞከርኩ። ልጡን በበሮቿ ቀዳዳና በመስተዋቱ እግር አዙሮ አስሮታል፤ ስስበው ብርጭቆው ተንቋቋ። ደጅ አባቴ «ነይ እንጂ፣ ዳኛው መንገደኛ ነው!» ይላሉ። በጋቢ ሸፈንኳትና ሄድኩ። እውነት ለመናገር አንዲት ጠብ አልገባባትም።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ዝናብ ያስጠጋቸው ሰባት ስምንት ሰዎች ነበሩ። አክስቴ ቀድማ መጥታ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። አባቴ አደገደጉ።

«ልጄ፣ ዛሬ ሾፌር አይደለህም፤ ዳኛ ነህ። እኔ አትችልም አልኩ፣ እሷ እችላለሁ አለች። እይና ፍረድ። ይህ መኪና ነው ወይስ አይደለም?»

መኪናዋን መሬት ላይ አስቀምጬ ጋቢውን ገለጥኩት። ሾፌሩ ዳቦውን አፉ ሳያደርስ ቆመ። አየ። ከዚያ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ።

«አባቴ ይሙት፣ ይህማ ጎማ ያበቀለ ጎጆ ነው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የሻይ ቤቱ ባለቤት ብርጭቆ ይዛ ከጓዳ ወጣችና እሷም ሳቀች። «እሰይ፣ ተገላገልን! ለጥሊሊዎቹ ጠላ ልጥመቅ» አለች አክስቴ። አባቴ «ተፈረደ» አሉ፤ አልሳቁም።

  ሽማግሌ የላከብኝን የጥሊሊውን ሰው አንድ ጊዜ ገበያ አይቼዋለሁ፤ በግ ሲገዛ ጥርሱን እያየ ነበር። እሱ ብቻ ነው ትዝ ያለኝ።

ያን ጊዜ አጎቴ ተነሣ። ሲያወራ አገውኛው የሚቀናው፣ በሰው ፊት አማርኛ መናገር የሚያፍር ሰው ነው። ጋቢውን እንደ አባቴ አደገደገና፣

«ዳኛ ይስማኝ!» አለ። «ጣራው የእኔ ነው። ትናንት አልነበረባትም፤ ዛሬ ጠዋት እኔ ነኝ ያሰርኩት። ውርርዱ ደግሞ በልጅቱ ሥራ ነው እንጂ በእኔ ሥራ አይደለም። አሁን የተፈረደው በእኔ ቀርከሃ ላይ ነው። ልጅቱ ገና አልተፈረደባትም።»

ሰዉ ሳቁን አቆመና አባቴን አየ። አባቴ ጢማቸውን ያዙ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል።

«ልክ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«ምኑ ነው ልክ?» አለች አክስቴ ከመቀመጫዋ ተነሥታ። «አሸንፈሃል እኮ! ዳኛው ተናገረ፣ ሰው ሰማ፣ አለቀ!»

«በተለወጠ ድንጋይ ማንንም አልረታም» አሉ አባቴ። «ጣራው ይነሣ።»

አጎቴ ቢላውን አወጣና ልጡን አንድ በአንድ ቆረጠ። እኔ መኪናዋን በሁለት እጄ ደገፍኩ። ከመጨረሻዋ ልጥ ጋር መስተዋቱ አብሮ ተነሣ፤ አግዳሚው ሥር ወድቆ ተሰበረ። ሦስት ፋኖስ የፈጀሁበት መስተዋት! «ወይኔ!» አልኩ። አጎቴ እኔን ማየት ፈርቶ ጣራውን ታቅፎ ቆመ።

ሾፌሩ ግን ከመቀመጫው ወርዶ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ነበር። መሪዋን በሁለት ጣቱ ያዘና ወደ ቀኝ አዞረ። ጎማዎቹ ወደ ቀኝ ዞሩ። ወደ ግራ አዞረ። ወደ ግራ ዞሩ። ገለበጣትና ሥሯን አየ፤ የጃንጥላውን ሽቦ ከመሪው እስከ ጎማው በጥፍሩ ተከተለው። ሳቁ ጠፍቷል።

«ይህን ማን አሳየሽ?»

«የእርስዎ መኪና።»

«መቼ?»

«ነሐሴ መግቢያ። ሻይ ሲጠጡ ሥሩ ገብቼ።»

«ሥሩ?» ብድግ አለ። «አንቺ ልጅ ጤና የለሽም? የእጅ ፍሬኑ እኮ አይዝም! ከኋላው ድንጋይ እንኳ አላደረግሁለትም!»

«አይቻለሁ። እኔ አድርጌለታለሁ።»

ወደ አባቴ ዞረ። «አባቴ፣ መኪና ናት» አለ። «መሪዋ ከእኔው መሪ ይሻላል፤ የእኔ ሩብ ዙር ባዶውን ነው የሚዞረው።»

«ያለ ጣራ?»

«ያለ ጣራ። አዲስ አበባ እንደዚህ ያለች አንዲት አይቻለሁ። ሲዘንብ ባለቤቷ ይበሰብሳል።»

«ሞኝ ነው» አሉ አባቴ።

«ሀብታም ነው» አለ ሾፌሩ።

አባቴ ጋቢያቸውን ከወገባቸው ፈትተው ትከሻቸው ላይ መለሱት። መኪናዋን ከመሬት አንሥተው እሳቸውም መሪዋን አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ አዞሩ። «የረታኝ ዕቃ እኔ ዘንድ ይቀመጣል» አሉና በጋቢያቸው ሥር ያዟት። ከዚያ ወደ አክስቴ ዞሩ።

«ዋሴ አንቺ ነሽ።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ ቃሌን የምታስፈጽሚው አንቺ ነሽ። እኔ ነገ ሐሳቤን ብለውጥ እንኳ አስገድደሽ ትልኪያታለሽ። ምለሻል።»

አክስቴ ግራ ቀኝ አየች። ሰዉ ሁሉ ምስክር ነው። «እንዲህ ያለ ቤት!» አለች።

መስቀል ላይ የጥሊሊዎቹ ሽማግሌዎች መጥተው መልሳቸውን ከአባቴ አፍ ሰምተው፣ በልተው ጠጥተው ሄዱ። አክስቴ ሁለት ቀን ሙሉ ዳቦ ቆሎ ስትቆላ እኔን ሰደበች፤ ሲሻት ደግሞ አጎቴን። መሐላ ግን መሐላ ነው። «ለሾፌር ብቻዋን አልሰጥም፤ አስረክቤ ነው የምመለስ» ብላ የራሷንም ጓዝ አሰረች።

ሾፌሩ በመጣ ዕለት ጠዋት ጭጋግ ነበር። ሣጥኔን አጎቴ ከኋላ ጫነልኝ። አክስቴ መሃል ተቀመጠች፤ ስሙን ጠርታ የማታውቀውን ታቦት ሁሉ ጠራች። እኔ በር በኩል ሆንኩ። አባቴ በፈረሳቸው ላይ ሆነው እስከ ድልድዩ አጠገባችን ጋለቡ፤ እዚያ ልጓሙን ሳቡና ቆሙ። መኪናው የባሕር ዳርን መንገድ ይዞ ወደ ዳንግላ ቁልቁል ወረደ።